የቅርጫው በሬና የብረቱ ክንድ

ለተወደድከው ወንድሜ ለመክብብ፣ ካለህበት ደርባን፤ ሰላምታዬ አገር አቋርጦ ይድረስህ። እኛ በጌታ ቸርነት ደህና ነን።

በታላቅ አክብሮት የማስታውቅህ ጉዳይ አለ፦ እኛ የብስኩት ፋብሪካው አሻጊዎች ለጊፋታ በዓል የምናርደው የቅርጫ በሬ ቀይ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

ሌላው ተራ ወሬ ነው። ፋብሪካው ብስኩት በካርቶን የሚያሽግ የብረት ክንድ፣ ሮቦት የሚሉትን፣ አስመጥቷል። ወንጌላዊው ጸለየለት፤ ሥራ አስኪያጁም "ሊያግዛችሁ ነው የመጣው" አሉን። ብስኩቱን ሳይሰብር እንዲያነሳ ሦስት ሳምንት ሙሉ እጄን እያሳየሁ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ጎበዝ ተማሪ ነው፤ አያረፍድም። ለአስተማሪው ግን ሰላምታ አይሰጥም።

ከአሥራችን ስድስቱ "ለጊዜው ዕረፉ" ተባሉ። አራት ሆነን ቀርተናል። በሬ ለአራት ይከብዳልና የቅርጫው ሰብሳቢ ቶማ የክንዱን ቴክኒሻን ያዘው፦

"ክንዱ የስድስት ሰው ቦታ ይዟል፤ የስድስት ሰው መደብም ይውሰድ!"

"ኧረ ጋሽ ቶማ፣ እሱ ሥጋ አይበላም።"

"ታዲያ የሰው እንጀራ ውስጥ ምን አስገባው?"

ሁላችንም ሳቅን። ቴክኒሻኑ ብቻ አልሳቀም።

እማዬ ደህና ናት። ሰሞኑን ቀኑን ሙሉ ቤት ስለምውል "ምነው?" ስትለኝ "የዓመት ፈቃድ ነው" ብያታለሁ፤ ስትደውልላት አንተም እንደዚያው በላት። መድኃኒቷን እስከ ወሩ መጨረሻ የሚበቃ ገዝቼላታለሁ።

ጌታ ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

እህትህ ህብረት፣ ከሶዶ

እርማት፦ ከላይ "አራት ሆነን ቀርተናል" የሚለው "ሦስት ሆነው ቀርተዋል" ተብሎ ይነበብ።