እግር የማይታይበት ዝላይ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2007። ከምሽቱ 12፡30

ዛሬም አልዘለለም። ማለቴ ጌሙ ውስጥ ይዘላል፤ ኪቦርዱ ላይ ስፔስ ስጫን ወደ ላይ ይነሣል፣ እንደ ፊኛ ይንሳፈፋል፣ ይወርዳል። ሰው ግን እንዲህ አይዘልም። ሰው ከባድ ነው።

ካሜራው የተጫዋቹ ዐይን ነው። ስለዚህ ገላ የለም። እጅ የለም፣ እግር የለም፤ ግንብ፣ ሰማይና ጎንደር ብቻ። ከጀርባ የሚታይ ሰውዬ ቢሆን ጉልበቱን አጠፍ አድርጌ እገላገል ነበር። በዐይን ብቻ የሚዘለል ጌም ይሁን ያልኩት ራሴ ነኝ፤ ማንንም አልወቅስም። መላኩን ትንሽ እወቅሳለሁ፤ ሐሳቡን ስነግረው ሸጋ ነው ያለኝ እሱ ነው።

መላኩ (ከዛሬ ጀምሮ መ. ነው፣ ስሙን ለመጻፍ ጊዜ የለኝም) የማክሰኝት ልጅ ነው፤ የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን አብረን ነው የምንሠራው። እሱ ግንቦቹን ይሠራል፣ እኔ ዝላዩን። ተጫዋቹ ከግንብ ግንብ እየዘለለ ከተማውን አቋርጦ ወንዙ ዳር፣ የቀሐ ጥምቀተ ባሕር ይደርሳል። በቃ፣ ጌሙ ይኸው ነው።

አማካሪያችን ዛሬ ጠርቶን ነበር። ከአጥር አጥር መዝለል ዱርዬነት እንጂ ፕሮጀክት አይደለም አለ። ከጥምቀት በኋላ ያየዋል። ካላሳመነው የክሊኒክ ካርድ መመዝገቢያ ሲስተም እንሠራለን። የክሊኒክ ካርድ። በየዓመቱ አንዱ ተማሪ የሚሠራው፣ አንድም ክሊኒክ የማይጠቀምበት።

አንተ ደብተር፣ ሥራህ ተቀምጦ መስማት ነው። ታድለህ። እኔ መቀመጥ አቅቶኝ ይህን የምጽፍብህ ቆሜ፣ መስኮቱ ላይ አስደግፌህ ነው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 22

ገባኝ። ሲወጣም ሲወርድም እኩል ክብደት ነበር የሰጠሁት። አሁን ሲወርድ ይከብዳል። መውጣቱ ቀስ፣ መውረዱ ዱብ። ሲያርፍ ካሜራው ትንሽ ዝቅ ብሎ ይመለሳል፣ ጉልበት ያለው ይመስላል። ደስ አለኝ፤ ለአንድ ሰዓት ያህል።

ከዚያ ድምፅ አስፈለገ። እግሩ ካልታየ ቢያንስ ይሰማ። ስልኬን ግቢው ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ከበርሜሉ እስከ በሩ ሮጥኩ፣ ተመለስኩ፣ ከደረጃው ዘለልኩ። በሸበጥ። በጫማ። በባዶ እግር። እማዬ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ ታየኛለች። ምነው ልጄ፣ ጅን ነው የሚያሯሩጥሽ? ትምህርት ነው አልኳት። ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ነው ለካ ብላ ገባች። ድምፅዋ አብሮ ተቀድቷል። አላጠፋሁትም።

ኢብራሂም ለምሳ መጣ። ታላቅ ወንድሜ፤ ከአባባ ጋር ጨርቅ ሱቅ ነው የሚውለው። ሞከረው። ሮጠ፣ ዘለለ፣ ወደቀ። ጌምሽ ተበላሽቷል አለ። ዘግይተህ ነው የተጫንከው አልኩት። አልዘገየሁም። ዘግይተሃል። ተጣላን። ምሳውን ሳይጨርስ ሄደ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 24። ከምሽቱ 3፡30

ኢብራሂም ልክ ነው፤ አልነግረውም እንጂ። እግሩን የማያይ ሰው ጠርዙ የት እንዳለቀ በምን ያውቃል? ግንቡ ላይ ያለ ይመስለዋል፣ ለካ አልፎታል። የሚጫነው ካለፈው በኋላ ነው። ከዚያ ይወድቃል፣ ከዚያ እኔን ይሰድባል።

ስለዚህ ምሕረት ጨመርኩ። ከጠርዙ ካለፈም በኋላ፣ ዐይን ጨፍኖ ለመግለጥ ያህል ጊዜ፣ ከተጫነ ይዘልለታል። እውነቱን ለመናገር አየር ላይ ቆሞ ነው የሚዘለው። ማንም አያውቅበትም።

መ. ማጭበርበር ነው አለ። ከገደል ያለፈ አለፈ፣ ማን ይመልሰዋል? ስንከራከር ላይብረሪ ውስጥ ዝም በሉ ተባልን፣ ውጭ ወጥተን ቀጠልን። እግሩን የነሣሁት እኔ ነኝ፣ ካሳውም በኔ ላይ ነው አልኩት። ሳምቡሳ ሊገዛ ሄደ። መ. ክርክር አቋርጦ ከሄደ ወይ ተሸንፏል ወይ ርቦታል።

ማታ ኢብራሂምን እንደገና አስቀመጥኩት። አንዴም አልወደቀም። ለመድኩት አለ፣ በኩራት። እሺ አልኩት።

ቅዳሜ፣ ጥር 2

ውርደት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው አሳየነው። ኮምፒውተር ላብ፣ የክፍላችን ልጆች። የጅማው ልጅ፣ የደሴው፣ የሐዋሳዋ፣ ሁሉም ቆንጆ አድርገው ተጫወቱ፤ ከግንብ ግንብ ሄዱ፣ ቀሐ ደረሱ፣ ጨረሱ። ቀጥሎ የጎንደር ልጆች ተቀመጡ። የመጀመሪያው ቀሐ ሲደርስ መጨረሻውን ትቶ የጥምቀተ ባሕሩ ግንብ ላይ ወጣ። ዘለለ። ሞተ። ሁለተኛውም እዚያው ወጣ፣ ዘለለ፣ ሞተ። ሦስተኛው የሁለቱንም ሞት ከኋላቸው ቆሞ ያየ ሰው ነው። ወጣ፣ ዘለለ።

ውኃ የለውማ። እኔና መ. ልንለካው የሄድነው ኅዳር ላይ ነው። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ነው፤ ለጥምቀት ብቻ ነው ከወንዙ የሚሞላው። ያየነውን ሠራን። ለጎንደር ልጅ ግን ያ ቦታ ውኃ ነው፣ ግንቡ ላይ የሚወጣውም ለመዝለል ነው። የሐዋሳዋ ልጅ ባዶ ጉድጓድ አየች፣ ዞራ ሄደች። እኛ የዚሁ አገር ሰዎች ነን እንግዲህ።

መ. በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እያለ ከሁሉ በላይ ይስቃል። እኔ አልሳቅኩም። ጆሮዬ እስካሁን ይሞቀኛል።

ሰኞ፣ ጥር 4

ውኃ ሞላሁበት። ባሰበት። ይዘላሉ፣ ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆናል፣ በቃ። መብራት የጠፋ ይመስላል፣ በሰማያዊ።

መ. በየዓመቱ ለጥምቀት መጥቶ ከዚያ ግንብ ይዘላል። እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኩት። ትፈሪያለሽ፣ ከዚያ ገብተሻል አለ። መሐሉስ? መሐል የለውም።

መሐል የለውም። እኔ እስከ ዛሬ መሐሉን ነው ስሠራ የከረምኩት። መውጣቱን፣ መክበዱን፣ መውረዱን። ከመነሣቱ በፊት ያለውን አልነካሁትም። እሱን ደግሞ አላውቀውም። ከግቢያችን ደረጃ በላይ ዘልዬ አላውቅም፤ ሴት ልጅ ከዚያ ግንብ አትዘልም፣ የኛ ቤት ልጅ ደግሞ ጭራሽ። ትንሽ ሆኜ ኢብራሂም ተሸክሞ አሳይቶኛል፤ ያየሁት የሰው ራስ ነው። የማላውቀውን ነገር ለሰው ልሸጥ ነው የምሮጠው። ተናደድኩ። ሦስቴ ተነሥቼ ግቢውን ዞርኩ፣ ይህን አንቀጽ ስጽፍ።

ሐሙስ፣ ጥር 7። 11፡00

ፋይል ልገለብጥ የመ.ን ላፕቶፕ ከፈትኩ። «ካርድ» የሚል ፎልደር። የክሊኒክ ካርድ ሲስተም፤ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ለካ ልጁ ከገና በፊት ጀምሮታል።

ምን እንዳልኩት አልጽፍም። መጥፎ ነው። እሱ አልጮኸም። ማክሰኝት ያለው አባቴ እህል ሸጦ ነው ያስተማረኝ፣ ሰኔ ላይ ለምርቃት ዘመድ ሁሉ ይዞ ይመጣል፤ ልጄ ምን ሠራ ሲል አልዘለለልኝም ልበለው? አንቺ ቤትሽ እዚሁ ነው፣ አንድ ዓመት ብትደግሚ እናትሽ ጋ ነሽ። እኔ ብደግም የት እገባለሁ? አለኝ።

የሚያናድደው ይኼ ነው። ልክ መሆኑ።

ሰኞ፣ ጥር 11። ጥምቀት

ኢብራሂምን ለምኜ ጠዋት ቀሐ ወረድን። አባባ ሱቁን አልከፈተም፣ በጥምቀት ማን ጨርቅ ይገዛል። ከመ. ጋር ከሐሙስ ወዲህ አልተነጋገርንም።

ሕዝቡ አያሳልፍም። ኢብራሂም በክርኑ መንገድ ከፈተልኝ፣ ግንቡ አጠገብ ደረስኩ። ውኃው ተባረከ። ልጆቹ ግንቡ ላይ፣ ግንቡን የተበተበው የዛፍ ሥር ላይ። ሰው ሁሉ የሚያየው የሚዘሉትን ነው፤ እኔ ያልዘለሉትን አያለሁ። አይሮጡም። ጠርዙ ላይ ይቆማሉ፣ የጎረቤታቸውን ትከሻ ይይዛሉ፣ ውኃውን ያያሉ፣ ወደ ኋላ ያያሉ፣ የእግር ጣታቸው ድንጋዩን ይቆነጥጣል። አንዱ ቆየ፣ ቆየ፣ ተመልሶ ወረደ። ማንም አልሳቀበትም። እጁን ይዘው አወረዱት።

ከዚያ መ.ን አየሁት። በቁምጣ፣ ከሲታ፣ ግንቡ ላይ። ቆመ። የኢብራሂምን ትከሻ ያዝኩ፤ እኔ መሬት ላይ፣ በሁለት እግሬ ቆሜ። ዘለለ።

ወጥቶ ሲንቀጠቀጥ ሄድኩበት። ነጠላውን ተከናንቧል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። ይቅርታ ልል ነበር፣ ከአፌ የወጣው ግን ምን ታየህ የሚል ነው። ምንም አላየሁም አለ። ዐይኔን ጨፍኜ ነበር። ሁሌም? ሁሌም። ማን ዐይኑን ገልጦ ይዘላል?

ኢብራሂም ልጁ በብርድ ሊሞት ነው፣ ልቀቂው አለኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 13

ሠራሁት። ከጠዋት ጀምሮ፣ መብራት በሄደ ጊዜ በላፕቶፑ ባትሪ፣ እሱ ሲያልቅ በወረቀት።

ጠርዝ ላይ ሲቆም ካሜራው እንደፈለገ አይታዘዝም። ወደ ታች ሲያይ ትንሽ ወደ ፊት ይሳባል። የሕዝቡ ድምፅ ይርቃል፣ ትንፋሽ ይቀርባል (የኔው ትንፋሽ ነው፣ ብርድ ልብስ ውስጥ የቀዳሁት)። ስፔስ ሲጫን ስክሪኑ ይጨልማል። ሰማይ የለም፣ መውረድ የለም። ጨለማ፣ ከዚያ ውኃ። ያን ሁሉ ቀን የለፋሁበትን መሐል ራሴ አጠፋሁት።

መ. መጥቶ ሞከረው። ተጫነ። ጨለመ። ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተሳበ። ይኸው ነው አለ። ታረቅን መሰለኝ።

ዓርብ፣ ጥር 15። ከምሳ በኋላ

አማካሪያችን ማውሱን ራሱ ያዘ። እሱም እዚሁ ነው ያደገው። ከግንብ ግንብ አንዴም ሳይወድቅ ሄደ (ምሕረቴ ስንቴ እንዳዳነው እኔ አውቃለሁ)። ቀሐ ደረሰ። ማንም ሳይነግረው ግንቡ ላይ ወጣ። ቆመ።

አልተጫነም። ወደ ታች አየ፣ ማውሱን ወደ ኋላ ጎተተ። እንደገና ቀረበ። አውራ ጣቱ ስፔስ ላይ ነው፣ አያለሁ። መ. ትንፋሹን ይዟል። ከዚያ ሰውዬው ዞሮ በደረጃው ወረደ። በጌም ውስጥ፣ ማውስ የያዘ፣ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው፣ ፈርቶ ወረደ።

ልጮህ ነበር በደስታ።

ሣቀ፣ መነጽሩን ጠረገ። ልጅ ሆኜም አልዘለልኩም አለ። በጣም ጥሩ ነው፣ እውነት ጥሩ ነው። ፕሮጀክት ግን አይደለም። ምን ይጠቅማል ሲሉኝ ምን እላለሁ? አልፈርምበትም። በግልሽ አቀርባለሁ ካልሽ መብትሽ ነው፤ ሰኞ ዲፓርትመንት ተመዝገቢ፤ ፈታኞቹ ከጣሉት ግን ዓመቱን ትደግሚያለሽ።

በመጨረሻ የሠራሁትን ጨለማ አላየውም። አልዘለለማ።

መ. ቀድሞኝ ወጥቶ ውጭ ጠበቀኝ። ካርዱ አልቋል አለ። ሽፋኑ ላይ የሁለታችንንም ስም ጽፏል፣ የኔን አስቀድሞ። አንድ መስመር አልሠራሁበትም። ምንም አይደለም፣ ግንቡን እንደሠራሁልሽ ይህንንም ቁጠሪው አለ። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ነው ያለፈው ሳምንት ሐሙስ የጮኽኩት። ላስብበት አልኩት።

እሑድ፣ ጥር 17። ምሽት 1፡00

ሁለት ቀን ምግብ አልበላ አለኝ። ካርዱን ብመርጥ በሰኔ እመረቃለሁ፣ ሁሉም ደስ ይለዋል፣ እኔ ሥራዬ ባልሆነ ነገር ላይ ስሜ ተጽፎ እኖራለሁ። ጌሙን ብመርጥ ልወድቅ እችላለሁ። እችላለሁ ማለት ያንሳል፣ ሳልወድቅ አልቀርም። ከቤታችን ለመመረቅ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ፤ አባባ ለደንበኛ ሁሉ ነግሯል።

ከሰዓት መ.ን አግኝቼ ስሜን ከሽፋኑ አጥፋው አልኩት። አየኝ። እርግጠኛ ነሽ አላለም። ግንቦቹ ያንቺው ናቸው፣ ያዣቸው አለ፣ ዐይኑ ረጠበ፣ የኔም። ቸኩለን ተለያየን።

አሁን አባባ ከመስጊድ ገባ። ከአዲሱ ጨርቅ ለምርቃትሽ ልብስ ልቁረጥ፣ ልብስ ሰፊው ነገ ይጀምርልሻል፣ ቁሚ ልለካሽ አለኝ። ቆምኩ። ሜትሩን ከአንዱ ትከሻዬ እስከ ሌላው ዘረጋ። ትከሻሽን አታኮራምቺ አለኝ። ጀርባዬን ሰጥቼው ስለነበር ፊቱን ሳላይ ነገርኩት። ሁሉንም። ጌሙን፣ ካርዱን፣ ነገ ብቻዬን እንደምመዘገብ፣ ዓመት ልደግም እንደምችል።

ሜትሩ ትከሻዬ ላይ ቆየ። እማዬ በሩ ላይ ናት። ቁጣ ጠበቅኩ፣ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ሜትሩን ወደ ወገቤ አወረደው። እንግዲያው ምርቃቱ ለከርሞም ሊሆን ይችላላ አለ። ምናልባት ትወፍሪ ይሆናል፤ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልቁረጠው።

ነገ ጠዋት 2፡30 ዲፓርትመንት ነኝ።