ጫጉላ በጀርባ ቦርሳ

እሑድ፣ ጥር 22 ቀን 1980፣ ሲያትል

ዳቦ ቆሎው አልገባ አለኝ። ቦርሳውን ገልብጬ እንደ ገና ሞላሁት። ሁለት ቀሚስ፣ ፎጣ፣ የወባ ክኒን፣ የዝናብ ጃኬት፣ ሳሙና፣ ከዚያ እትዬ ዘውዴ ያዘጋጁት አንድ ፌስታል ሙሉ ዳቦ ቆሎ። ሌላዋ ሙሽራ በተዳረች በሳምንቷ መጋረጃ ውስጥ ቁጭ ብላ ዶሮ ይቀርብላታል፤ እኔ እንደ ዘማች ስንቄን እቋጥራለሁ።

የባሌ የታደለ ሐሳብ ነው። እዚሁ ሲያትል፣ ሶዶ የሚባለው ሰፈር፣ መጋዘን ውስጥ አብሮት የሚሠራ ሩፊኖ የሚባል የፊሊፒንስ ሽማግሌ አለ። ስለ ተወለደባት ደሴት ሲያወራለት ከርሞ የባሌን ልብ ወሰደው። ጫጉላችን እዚያ ይሁን አለኝ። ሆቴል የለ፣ አስጎብኚ የለ፤ ቦርሳ አዝለን ቀስ እያልን በእግር መሄድ፣ በመሸበት ማደር። «ቀስ ብለን» የምትለዋን ደጋግሞ ነው ያላት። እኔ ደግሞ ኤርፖርት አጠገብ የሆቴል አንሶላ ስቀይር የኖርኩ ሰው ነኝ። ሆቴል የሌለበት ጉዞ ሲለኝ ደስ አለኝ፣ እሺ አልኩ።

እዚህ ደብተር ላይ ግን አልዋሽም። ባሌን ገና አላውቀውም። የተዋወቅነው በሰኔ ነው፤ ያውም በሽማግሌ ፊት፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በስልክ። ደግ ነው። ዝምተኛ ነው። ሲተኛ ጫማውን ትራሱ አጠገብ ያስቀምጣል። ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም፤ አፈርኩ። ሎስ አንጀለስ ያለችው እህቴ ትናንት ደውላ «ካልሆነልሽ የእኔ ጓዳ ባዶ ነው፣ ነይ» አለችኝ። ገና በሳምንቴ! ጮኽኩባት። ነገሩ ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረ።

እትዬ ዘውዴ ማታ ሊሰናበቱን መጡ። ታደለ እዚህ አገር ሲገባ ከሲያትል ዳር፣ ቡሪየን ያለው ቤታቸው ተቀብለው ያኖሩት እሳቸው ናቸው፤ እንደ እናቱ ነው የሚያያቸው።

«ነገ እኮ ነነዌ ይገባል» አሉ። «ዮናስን ዓሣ የዋጠው በባሕር ሲሸሽ ነው። ምነው በሌላ ቀን ብትሄዱ?»

«እትዬ፣ እኛ እየሸሸን አይደለም» አልኳቸው።

ታደለ ቀና ብሎ አየኝና መልሶ አቀረቀረ።

«ሶ፣ ይሁን። ሰው በመንገድ ይታወቃል ይባል የለ። ስትደርሱ ኮል አድርጉልኝ። ለቅበላ ዶሮ ሠርቼ እጠብቃችኋለሁ።»

ረቡዕ፣ ጥር 25፣ ማኒላ

ከሲያትል ሰኞ በቀትር ተነሣን፤ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ማክሰኞ ሆነ። እንዴት እንደሆነ የአውሮፕላኗ አስተናጋጅ አስረድታኛለች፣ አልገባኝም። ብቻ ከነነዌ ጾም አንዷ ቀን ሰማይ ላይ ቀርታለች። ለእትዬ ዘውዴ አልነግራቸውም።

ሙቀቱ እርጥብ ብርድ ልብስ እንደ መልበስ ነው። ጠጉሬ አበቃለት። ማንጎ ግን በልቻለሁ፤ ስለ ማንጎው ሁሉንም ይቅር ብያለሁ።

ታደለ ጫማውን ዛሬም ትራሱ አጠገብ አስቀመጠ።

ዓርብ፣ ጥር 27፣ የሩፊኖ ደሴት

ባሕሩን ተሻገርን። ማለቴ እሱ ተሻገረ፣ እኔ አስመለሰኝ። ጀልባዋ ጠባብ ናት፤ በግራና በቀኟ እንደ ክንፍ ቀርከሃ ታስሮላታል። ታደለ መንገዱን ሁሉ ግንባሬን ይዞልኝ ነበር። ይኸንን ልጻፍለት፤ የሚቀጥለው መልካም አይደለምና።

ሌሊቱን የሩፊኖ እህት ቤት ልናድር ነውና ከወደቡ በእግር ጀመርን። ያ «ቀስ ብለን» ሲል የከረመ ሰው ከፊት ከፊቴ መጭ አለ። ዞር ብሎ አያይም። መንደሩ ሁሉ ደጅ ላይ ነው፤ ያየን ሁሉ ከሩቁ በሳቅ «ወዴት ነው?» ይላል። እዚህ እንደምን ዋላችሁ ማለት ነው፤ ሩፊኖ ሲያትል ሳለን ነግሮናል። ታደለ ግን ሲጠይቁት ትከሻው ይጠብቃል፣ እርምጃው ይፈጥናል። ሰላምታ እንዲህ ያስደነግጣል እንዴ?

ደግሞ ይኸ የሸራ ጫማዬ። ክሩ ተፈታ። «ቆየኝ፣ ጫማዬን ልሰር» አልኩት። ሰማኝ እኮ! ሰምቶኝ ፈጠነ። ቀና ስል መንገዱ ላይ የለም። ሮጬ ነው የደረስኩበት። ስደርስበትም እርምጃውን አልቀነሰም።

ኩራት ነው? ንቀት ነው? ሚዜዎቹ ቢኖሩ አስጠይቅ ነበር። ጫጉላ ያለ ሚዜ እንዲህ ነው፤ ለማን አቤት ይባላል?

ሰኞ፣ ጥር 30

ዛሬ ተጣላን። እውነቱን ለመናገር እኔ ተጣላሁ፤ እሱ መቼ ይጣላል።

ዳገቱ ላይ፣ ግራና ቀኙ ኮኮናት፣ ከታች ሩዝ። ክሩ እንደ ገና ተፈታ። «ታደለ፣ እባክህ ጠብቀኝ» አልኩ። ሄደ። ኩርባውን ዞሮ ጠፋ።

ቦርሳዬን መንገዱ ዳር ጣልኩና ተቀመጥኩበት። አንድ እርምጃ አልራመድም አልኩ። ዳቦ ቆሎዬን አወጣሁ፤ በእርጥበቱ ለስልሷል፣ ፌስታል ፌስታል ይላል። እያለቀስኩ በላሁት። የእህቴ ጓዳ መስኮት እንዳለው ለማስታወስ ሞከርኩ። ያለው መሰለኝ።

ከዚያ የሩጫ ኮቴ ሰማሁ። ታደለ ነው፤ ቦርሳውን የት እንደጣለው እንጃ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ጽጌ! ጽጌ!» ይላል፤ ከታች በጎሽ የሚያርሰው ገበሬ ሳይቀር ቀጥ ብሎ ቆመ። እፊቱ ተቀምጬ እየጠራኝ ነው። «እዚህ ነኝ እኮ!» አልኩት። ትከሻዬን ያዘኝ፣ ከዚያ አፈሩ ላይ ቁጭ አለና አለቀሰ። ወንድ እንዲህ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም።

ብዙ ቆይቶ ነገረኝ። ከአገር ሸሽተው በእግር ወደ ሱዳን ሲወጡ፣ ቆላው ላይ፣ መሪያቸው ማንም እንዳይቆም፣ ማንም ስም እንዳይጠራ አስጠንቅቋቸው ነበር። ከኋላው አብሮ አደጉ ብርሃኑ ነበረ። «ጫማዬን ልሰር፣ እደርስብሃለሁ» አለው። ታደለ ሄደ። ብርሃኑ አልደረሰም። እስከ ዛሬ ወሬውን የሰማ የለም።

«ከኋላዬ ሰው ሲቆም እግሬ አይሰማኝም» አለኝ። «ራሱ ነው የሚሄደው። ወዴት ነው ሲሉኝም ኬላ ይመስለኛል። ሩፊኖ የእኛ አገር ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው ሲለኝ፣ እዚያ ሄጄ ልማር አልኩ። ካንቺ ጋር ልማር ብዬ ነው።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?»

«አንቺ በአውሮፕላን የመጣሽ ሰው ነሽ።»

ይኸ ደግሞ አናደደኝ። በአውሮፕላን የመጣ ሰው ጆሮ የለውም? አልኩት። ሳቀ፣ አፍንጫው እየፈሰሰ። እኔም ሳቅኩ። አንጀቴን በላው።

ቦርሳውን ሄደን አገኘነው። ዶሮ ቆማበት ነበር።

ረቡዕ፣ የካቲት 2

አዲስ ሕግ አወጣሁ። ከፊት እኔ፣ ከኋላ እሱ። ከኋላው ሰው ከሌለ የሚቀርበት ሰው የለም። እትዬ ዘውዴ ሚስት ከፊት ባል ከኋላ ሲሄዱ ቢያዩ በስመ አብ ይላሉ። ሠርቷል ግን! ያው አንዳንዴ ይረሳና ያልፈኛል፤ ከዚያ ትዝ ሲለው እንደ ተያዘ ሌባ ይቆማል።

የሩፊኖ እህት የመንገዱን መልስ አስተምራናለች። «ወዴት ነው?» ሲሉ «ዲያን ላንግ» ይባላል፤ እዚሁ ድረስ ነው እንደ ማለት። ማንም ሌላ አይጠይቅም። ታደለ መጀመሪያ አንደበቱ ተሳስሮ ነበር። ዛሬ ከሰዓት ለአንዲት ጥርስ ለሌላት አሮጊት ጮክ ብሎ «ዲያን ላንግ!» አላት። አሮጊቷ አጨበጨበች። እኔም ማጨብጨብ ዳዳኝ።

ሌላ ደስ ያለኝ። እዚህ የሚበላ ሰው መንገደኛ ሲያይ ኑ እንብላ ይላል፤ ልክ እንደኛ። እኛም እንደ አገራችን ደንብ «ይባረክ» የሚል ፊት አሳይተን እናልፋለን። ዛሬ አንዷ እናት አላሳለፈችንም፤ ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝ። በእጅ ነው የሚበሉት። ሩዝ፣ ዓሣ፣ የሚያቃጥል ኮምጣጤ። እኔም አመስግኜ አጎረስኳት። ልጆቿ በሳቅ ሞቱ፣ ከዚያ ለጉርሻ ተሰለፉ። ታደለ ሁሉንም አጎረሳቸው።

ረቡዕ መሆኑ ትዝ ያለኝ አጥንቱ ሲቀር ነው። እግዜር ይፍታኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 4

ዛሬ የትም አልሄድንም። ሐሳባችን የሚቀጥለው መንደር መድረስ ነበር። ከባሕሩ ዳር አረፍ እንበል አልኩት፤ ጫማውን አወለቀ። በቀን! እግሩን አሸዋው ውስጥ ቀበረና ስለ ብርሃኑ ያወራኝ ጀመር። ሲዘፍን ድምፁ ያስጠላ እንደነበር፣ የታደለን ሹራብ ወስዶ እንዳልመለሰ። እያወራ እንቅልፍ ጣለው። አንዱን ጫማ ማዕበሉ ሲነካው አየሁና አንሥቼ ከእኔ ጋር አስቀመጥኩት። እሱ አልነቃም።

ሲነቃ ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። «ጫማዬስ?» አለ ደንግጦ። «እኔ ጋ ነው» አልኩት። «ኦኬ» አለና መልሶ ተኛ።

እሑድ፣ የካቲት 6፣ ሲያትል

እሑድ ተነሥተን እሑድ ደረስን። የተወሰደብኝ ቀን ተመለሰልኝ፤ ዘንድሮ ሁለት ቅበላ አለኝ ማለት ነው።

አሁን ቡሪየን፣ እትዬ ዘውዴ ቤት ነኝ። ታደለ በልቶ ሶፋው ላይ ተኝቷል። ጫማው በር አጠገብ ነው፤ ነገ የት እንደሚያድር አላውቅም። እትዬ ለብቻዬ ወስደው «እንዴት ነው ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። «ታደለ ከሳ» አሉ ሳልመልስላቸው። ለእህቴ ደግሞ ነገ እደውላለሁ፤ ጓዳዋን ብታከራይ ይሻላል።

ይኸን ጽፌ ልተኛ። ጠዋት ኤርፖርት ስንወርድ ያው የሲያትል ዝናብ ነው። የቡሪየኑ አውቶቡስ ቆሞ ሰው ያሳፍራል። ሮጥን፤ እሱ ከፊት፣ ሕጌን ረስቶ። መሐል መንገድ ላይ ክሬ ተፈታ። ሳልጠራው ቆምኩ። ሩጫውን ሲያቆም አየሁት። ጀርባውን ነው ያየሁት፤ ትከሻው ጠብቋል። ከዚያ ዞረ። ተመልሶ መጣ፣ ቦርሳውን ኩሬው ውስጥ አስቀመጠና ተንበርክኮ ጫማዬን ያስር ጀመር። አውቶቡሱ በሩን ዘጋ።

«ሄደ እኮ» አልኩት።

«ሌላ ይመጣል።»

«የእትዬ ዶሮ ይቀዘቅዛል።»

«ይሞቃላ» አለኝ። ያልተፈታውን ሁለተኛውን ጫማዬንም ፈታና እንደ ገና ቀስ ብሎ አሰረልኝ።