ከአባያ ዳር ልወጣ ነው

የማርታ አባት፣ እንዴት ሰነበትክ እንዳልልህ የሚመልስልኝ የለም። ወንድሞችህ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ አባትህ አገር ወደ ጉኑኖ ካወጡህ ሁለት ክረምት አለፈ። እኔ ግን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዛሬም ከሐይቁ በኩል የምትመጣ ይመስለኛል። ሞኝ በለኝ።

አባያ ዘንድሮ ሞልቷል። በበጋ ሸሽቶ የነበረው ቀይ ውኃ ተመልሶ መጥቶ ከብቶቹ ይግጡበት የነበረውን ሣር ሁሉ ዋጠው፤ ሾላው ሥር ደርሷል። ጉማሬዎቹም አብረውት ቀርበው በቆሎዬን ጨረሱት። ያ ራሱ ነጭ የሆነው ንስር አሁንም ጠዋት ጠዋት ከደረቀው ግራር ላይ ሆኖ ይጮሃል። እሱን ለመስማት ስትል ስንቴ ዝም በይ ብለኸኛል፤ እኔ ደግሞ ወሬዬን አላቋርጥም ነበር። አሁን ዝም ብያለሁ፤ ለማን ብዬ ዝም እንደምል ግን አላውቅም።

እንሰትህስ ትዝ ይልሃል? ችግኙን ከደጋ ድረስ አዝለህ አምጥተህ ሐይቁ በለቀቀው ጥቁር አፈር ላይ ተከልከው። እዚህ ቆላ ውስጥ እንሰት አይሆንም ብልህ፣ የወላይታ ሰው ጓሮ ያለ እንሰት ጓሮ ይባላል ወይ ብለህ አኮረፍክ። ክረምት ሲገባ ውኃው ተመለሰ። አንድ ጠዋት ብንወጣ ሻላዎቹ፣ እነዚያ ዓሣ በሊታ ወፎች፣ ያን ትልልቅ ምንቃራቸውን ደረታቸው ላይ አጋድመው፣ ለሽምግልና የተቀመጡ ይመስል ችግኙ መሀል ቆመዋል። እኔ በድካምህ ልናደድ ስል አንተ መሬት ላይ ቁጭ ብለህ እንባህ እስኪፈስ ሳቅህ። ያን ቀን እንዴት እንደወደድኩህ።

ስታርፍ እዚሁ ውኃው በሚታይበት ይቀበር ብዬ ለምኜ ነበር። ታላቅ ወንድምህ ሰው በአባቱ መሬት ነው የሚያርፈው አለኝ። ወጉ ነውና ምን እላለሁ። እየተቀባበሉ ተሸክመውህ ዳገቱን ሲወጡ ማርታን አዝዬ ከኋላ ተከተልኩ። ለቅሶው ሲያበቃ እዚያው ቅሪ ቢሉኝ እምቢ ብዬ ተመለስኩ፤ ባሏን ቀብራ ጥላው ሄደች ብለው አሙኝ። ይሙኝ። እኔ የማውቅህ እዚህ ነው።

ካረፍክ በኋላ የወባ መድኃኒት የሚረጩ ሰዎች መጥተው ቤቱን በሙሉ ረጩት። ግድግዳው ነጭ ሆኖ ደርቋል። ትንሽ ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ እያልኩ ስንት ጊዜ በመዳፌ ዳሰስኩት። ጌታ ያውቃል እላለሁ፤ አንዳንዴ ግን እሱንም አኮርፈዋለሁ።

አሁን ደግሞ ማርታ ታመመች። በጠራራ ፀሐይ ብርድ ብርድ አላት፤ ጥርሷ ተንገጫገጨ። አንተንም የጀመረህ እንደዚያው ነበር። ሶዶ ወስጄ አሳከምኳት፣ ተሽሏታል። ሐኪሙ ግን ወደ ሐይቁ ብትመልሻት ሁለተኛ ላትተርፍልሽ ትችላለች አለኝ። ጉኑኖ እናትህ ዘንድ ትቻት፣ ዕቃ ልሸክፍ ብቻዬን ወረድኩ። ነገ ጠዋት ወንድምህ በቅሎ ይዞ ይመጣል።

ሰው ሁሉ፣ እንግዲህ መቃብሩ አጠገብ ልትሆኚ ነው እያለ ያጽናናኛል። እሺ እላለሁ። ሆዴ ግን እንደ አዲስ መርዶ የሰማ ሆኗል፤ ያኔ እነሱ ወሰዱህ፣ ነገ ግን ትቼህ የምሄደው እኔው ነኝ።

አልረሳህም። ማርታ አባቴ ማነው ስትለኝ መቃብሩን አላሳያትም። ሲመሽ ቀዩ ውኃ እየጠቆረ፣ ነጫጭ ወፎች በላዩ ወደ ማደሪያቸው ሲያልፉ፣ ሥራህን ጥለህ የመጨረሻዋ ወፍ እስክትጠፋ ቆመህ ታይ እንደነበር እነግራታለሁ።

አደራህን፣ ጥላኝ ሄደች እንዳትል። ልጅህን ላተርፍልህ ነው።