የማርጊት ስኪና የአባቷ እጅ

ቴሌማርክ፣ ማርች 3 ቀን 1961

ለሆዴ ማርጊት፤

እንደምን ሰነበትሽ? የሰሜኑ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ተማሪዎችሽስ? እኛ ደህና ነን፤ በጎቹም ደህና ናቸው። በረዶው ግን መስኮቱን ሊደፍነው ምንም አልቀረው። ሁልጊዜ የሚጽፍልሽ አባትሽ ስለሆነ የእኔን ጽሕፈት ስታዪ እንዳትደነግጪ። «እጄ ዝፍት በዝፍት ሆኗል፤ አንቺ ጻፊላት» ብሎኝ ነው።

ለፋሲካ ስትመጪ በረዶ ላይ የምትንሸራተቺበት አዲሱ ስኪሽ ደርሷል። እንዴት እንደደረሰ ግን ከእኔ ስሚው፤ እሱ አይነግርሽም።

አንቺ የተወለድሽ ዓመት ቆርጦ ጣሪያ ሥር ያደረቀውን የበርች እንጨት ታውቂው የለ? የቀረው ለሁለት ጥንድ የሚበቃ ብቻ ነበር። አንዱን ጥንድ ከገና በኋላ ጀመረ። ጫፉን በእንፋሎት አጎበጠ፣ መሃሉን በመላጊያ አሳሳ። ከዚያ እንደ ልማዱ ሁለቱን ስኪ ሆድ ለሆድ ገጥሞ መሃል ላይ ባንድ እጁ ጨበጠ። መሃላቸው ጎበጥ ስለሚል የሚቀረው ክፍተት ትንሽ ታግሎት ሲዘጋ ለአንቺ ክብደት ልክ ነው ማለት ነው። አልዘጋ አለው። ላገ፣ ጨበጠ፤ እንደገና ላገ። በመጨረሻ ሲዘጋለት ፊቱ በራ። «እንዲህ ያለ ስኪ ሠርቼ አላውቅም!» አለ።

ክብደታችን እኩል ስለሆነ ቆሜ የሞከርኩልሽ እኔ ነኝ። ቡና ሊጠጣ የመጣው ጎረቤታችን ታርዬይ ቁራጭ ጋዜጣ ከስኪው ሥር ሊያሳልፍ ሞከረ። የስኪው መሃል ከወለሉ ከፍ ብሎ ማሳለፍ ነበረበት፤ ጋዜጣው ግን ተጣብቆ ቀረ። እንዲህ ያለ ስኪ በረዶ ላይ ይጎተታል እንጂ አይንሸራተትም።

«አንቺ ሴትዮ፣ የገናው አሳማ ገና አልወጣልሽም እንዴ?» አለ አባትሽ።

«አሳማውን የጨረስከው አንተ፣ የምወፍረው እኔ?»

«ኧረ አትጣሉ፣ ሚዛን አለኝ» አለ ታርዬይ።

ተያይዘን እሱ በረት ሄድንና የበግ ሚዛን ላይ አወጡኝ። ታርዬይ አጎንብሶ አየና «ያው እንደ አምናው ናት፤ እንኳን ለስኪ ለገበያም አትሆን!» አለ። እኔ ከሳቄ የተነሳ መውረድ አቃተኝ። አባትሽ ግን አልሳቀም።

ቤት ስንደርስ ኮቱን ሳያወልቅ ስኪዎቹን አንስቶ ሰጠኝ። «እስቲ ጨብጪው» አለኝ። ጨበጥኩት። ያለምንም ትግል ክድን አለ። አባትሽ ቀኝ እጁን ገልበጥ አድርጎ አየና «ለካ አልዘጋ ያለኝ እንጨቱ ጠንክሮ አይደለም» አለ። ማርጊትዬ፣ የቀረውን እንጨት ለታርዬይ ሊሰጠው ነው ብዬ ፈራሁ።

በማግሥቱ ቡናውን ይዤለት ስኪ ወደሚሠራበት ቤት ስገባ እንጨቱ ጠረጴዛው ላይ ታስሯል። «ሲግኔ፣ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጪና ነይ» አለኝ። «እኔ እልጋለሁ፣ አንቺ ትጨብጫለሽ።» በትዳር ዘመናችን ሁሉ ከቡና በቀር ሌላ ነገር ይዤ ገብቼ የማላውቅበት ቤት!

ከዚያማ ጭቅጭቁን ምን ልንገርሽ። «ምን ያህል ከበደሽ?» ይላል። «ጥርሴን ካልነከስኩ አይዘጋም።» «የትኛውን ጥርስሽን? እኔ ጥርስ አልለካም!» ቅርፊቱ ፀጉሬ ውስጥ እየገባ፣ እየተሰዳደብን፣ እየተሳሳቅን ሰነበትን። እንዲህ ደስ ብሎኝ የከረምኩበት ክረምት ትዝ አይለኝም። በመጨረሻ ቆምኩበት፤ ጋዜጣው እልም ብሎ አለፈ። በአንድ እግሬ ስቆም ደግሞ ያዘው፣ መያዝም አለበት፤ አለዚያ ስትገፊ ወደ ኋላ ያንሸራትትሻል። አባትሽ ተነስቶ ግንባሬን ሳመኝ፤ ያውም ታርዬይ ፊት።

የመጀመሪያው ጥንድም አልተጣለም። ቀጭኗ የታርዬይ ሚስት እየበረረችበት ነው።

ጣቢያ ሊቀበልሽ ሲመጣ ሻንጣሽን ካልያዝኩ ይልሻል። አትከልክይው፤ ቀለል ያለውን ስጪው። እኔ ደግሞ የምትወጂውን ዋፍል ጋግሬ እጠብቅሻለሁ። ጌታ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ከክፉ ይሰውርሽ፣ በሰላም አምጥቶ ደጃችን ያድርስሽ።

የምትወድሽ እናትሽ
ሲግኔ

አባትሽ አጠገቤ ተቀምጦ «ሰላም በይልኝ፤ ይሄ ዝፍት ባይሆን እኔው በጻፍኩላት ነበር» ይላል። ስኪሽ ዝፍት የተቀባው ያለፈው ሳምንት ነው። የቀባሁትም እኔ ነኝ።