የዳልጮ ጓዳ

መስከረም 24 ቀን 2000

ሌላ በርሜል ገብቷል። ጓዳው ስለሞላ ይሄኛው ደግሞ መኝታ ቤታችን ውስጥ፣ በቁም ሳጥኑና በአልጋው መሃል። ከቢሮ መጥቼ ጫማዬን ላወልቅ ስል ጉልበቴን መታኝ።

«ዳልጮ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«በርሜል።»

«እሱማ ይታየኛል። ለምን?»

«ለበቆሎ።»

በቃ። አናጺ ነው እንግዲህ... ወሬውንም እንደ ጣውላ ነው የሚለካው፣ ከሚፈለገው በላይ አይቆርጥም።

ሁለታችንም ሠላሳን ገፋ አድርገን ነው የተጋባነው። ሶዶ ውስጥ «አሳየሽ ቆማ ቀረች» ያላለ ሰው አልነበረም። እና አገባሁ። ደግ ሰው፣ የማይጠጣ፣ እጁ ወርቅ። ግን ማንም ያልነገረኝ ነገር አለ። አልጋው ሥር የውኃ ጄሪካን ነው። ሶፋው ሥር ጨው። ኮርኒሱ ላይ የደረቀ የሽፈራው ቅጠል በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ። ክብሪትማ... ክብሪት የሌለበት ቦታ የለም። ጓሮው ደግሞ እንሰት በእንሰት ነው፤ ልብስ ማስጫ እንኳ አጣሁ።

ምን ይሆን የሚጠብቀው?

ጥቅምት 9

ከበሩ ኋላ የተሰቀለውን ቦርሳ ዛሬ ከፍቼ አየሁት። በሶ፣ ገመድ፣ ቢላዋ፣ ብርድ ልብስ፣ ባትሪ። የእኔ ነጠላ ጫማም አለበት! ስፈልገው የከረምኩት።

«ወዴት ልንሄድ ነው?» አልኩት።

«አላውቅም። ለዚህ ነው ቦርሳው።»

«ጫማዬስ?»

«በባዶ እግርህ ልትሄድ ነው?» አለኝ፣ ኮስተር ብሎ። ሲቸኩል ወይ ሲጨነቅ «አንተ» ይለኛል። አማርኛው እንዲህ ነው፤ ወንድና ሴቱ ይምታታበታል። ድሮ አርመው ነበር፤ አሁን ተውኩት። ደስ ይለኛል።

ቢሮ ለብርሃኔ ነገርኳት። ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነው፣ ምንም አልደብቃትም። እስክታነባ ሳቀች። «ባልሽ ጦርነት ሰምቶ ይሆናል፤ ለእኛም ንገሩን» አለች። አብሬ ሳቅሁ። በኋላ ግን ቅር አለኝ። ጫማዬን ማሰቡ... እሱን ለብርሃኔ አልነገርኳትም።

ኅዳር 17

ውኃ ከጠፋ ሰነበተ። ከተማው ሁሉ ጄሪካን ተሸክሞ ምንጭ ለምንጭ ይዞራል። እኔ ዛሬ ፀጉሬን ታጠብኩ። በሙቅ ውኃ!

ጎረቤቶች መጡ። ዳልጮ ከአልጋው ሥር እየሳበ ቀዳላቸው። እኔ ብሆን «ስትስቁብን አልነበር?» እል ነበር።

ታኅሣሥ 2

ሱቅ ሄጄ ሁለት እሽግ ክብሪት ገዛሁ። አንድ ነበር የሚያስፈልገኝ። ምን ነካኝ?

ጥር 18

እሁድ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢ ውስጥ ሸራ ዘርግተን በቆሎ ከአመድ ጋር ስናሽ ዋልን፤ ነቀዝ እንዳይገባው። ክንዴ እስከ ክርኔ አመድ። ሳላስበው ጠየቅሁት፤ «ይሄን ማን አስተማረህ?»

ማሸቱን ቀጠለ። የማይመልስልኝ መስሎኝ ነበር።

ሰባ ሰባት ላይ፣ በረሃቡ ጊዜ፣ ልጅ ነበር። ታናሽ እህቱን ዘመድ ዘንድ ትተው ከሁምቦ ከእናቱ ጋር በእግር ወደ ሶዶ መጡ። እናቱ መንገድ ላይ ደከመች... ቀረች። እሱ ብቻውን ገባ። ገበያው ጀርባ አንዲት ሴት ጠላ የምትሸጥ ነበረች፤ በሯ ላይ ተቀመጠ። አላባረረችውም። አስገባችው። እስከ መኸር እሷ ዘንድ ቆየ።

«እሷስ እህሉን ከየት አመጣችው?»

«አልጋዋ ሥር ነበራት። ገብስ። በእንስራ። ጎንበስ ብላ ስትዘግን እመለከታት ነበር።» እጁ አመዱ ውስጥ ቆመ። «ሞታለች አሁን። እኔ ነኝ ሣጥኗን የሠራሁት።»

ሸራውን ይዘን በቆሎውን አብረን ገለበጥን።

የካቲት 30

አንድ ነገር ልጻፍና ልተኛ፦ ስንጥቅ ጣውላ ለምኜው ኩሽና ውስጥ መደርደሪያ ሠራልኝ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ የደረቀ ሽንኩርት ደረደርኩበት። ቆሜ ሳየው ደስ አለኝ። የእኔ ነው ይሄኛው።

መጋቢት 14

አልዘነበም። በየካቲት ይመጣል ተባለ፣ ቀረ። በመጋቢት ተባለ... ሰማዩ ብረት ነው። ስኳር ድንቹ መሬት ውስጥ ደርቋል ይላሉ ከገጠር የሚመጡት። ገበያ ወጥቼ ባዶ ዘንቢል ይዤ ተመለስኩ። በቆሎ የሚሸጡት ሴቶች ዋጋ ስጠይቃቸው ዓይኔን አያዩኝም፤ እነሱም የሚጠሩት ዋጋ ያሳፍራቸዋል።

አሁን ገባኝ ምን እንደሚጠብቅ።

መጋቢት 27

ቢሮ ቁጭ ብዬ ስለ በርሜሎቹ አስባለሁ። ምሳ ሰዓት እየሮጥኩ መጥቼ ክዳናቸውን ነክቼ እመለሳለሁ። ቡና ቀንሻለሁ፣ ዘይት ቀንሻለሁ። ዛሬ ጓዳው ላይ ቁልፍ አደረግሁበት። መክፈቻውን በክር አንገቴ ላይ አሰርኩት፣ ከማተቤ ጋር።

ዳልጮ አየ። «ቁልፍ ለምን?»

«ሌባ ቢመጣስ?»

«የተራበ ነው የሚመጣው» አለና ወደ ሥራው ሄደ።

ሚያዝያ 6

ፈጠነች መጣች። የዳልጮ ታናሽ እህት፣ ሁምቦ፣ ከተበላ ከተማ ማዶ ያለችው። ልጇን ፀደንያን አዝላ። ስምንት ዓመት የሆናትን ልጅ አዝላ! ባሏ ቦልቴ በሬዎቹን ሊጠብቅ ቀርቷል፤ በሬዎቹ እስካሉ ድረስ።

ልጅቷን ከጀርባዋ ስናወርዳት ምንም አትመዝንም። እግሯ ግን አብጧል። ጣቴን ስጫነው ስርጉድ ብሎ ቀረ። ፀጉሯ ቀልቷል። አላለቀሰችም። አለማልቀሷ ነው ያስፈራኝ።

ፈጠነች በሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ወንበር ብሰጣት እንቢ። «አናስቸግርም፤ ትንሽ ልጅቷን ቀና እስክናደርጋት» ትላለች፣ ደጋግማ፣ በወላይትኛ። የምሰማው ወላይትኛ ለዚህ ይበቃል።

ዳልጮን ወደ ኩሽና ጠራሁት። እጽፈዋለሁ፣ ያልኩትን።

«ምን ያህል ይቆያሉ?»

«እስኪሻላቸው።»

«እኛስ? ክረምቱ ገና ነው። ነገ ደግሞ ሌላው ዘመድህ ይመጣል። ይሄን ሁሉ የሰበሰብነው ለማን ነው ታዲያ?»

አየኝ። አልተቆጣም። ግራ ነው የገባው፣ የማያውቀው ሰው እንደጠየቀው።

«ለሚመጣ ሰው ነዋ» አለ። «ለእኛማ ለሁለታችን አንድ በርሜል ይበቃ ነበር። አንተ... አንተ እስከ ዛሬ ምን መስሎህ ነው?»

አንተ አለኝ። ሁለቴ።

ምድጃው ላይ ውኃ ጣድኩ።

ሚያዝያ 7

ጠዋት ልጅቷን ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ መድኃኒትና የሚበጠበጥ ወተት ሰጠችን። «በአንዴ እንዳታጠግቧት፣ ሆዷ አይችልም። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ» አለች።

እኔ ቢሮ እውላለሁ። ቶሎ ቶሎ የሚሰጣት እናቷ ናት። ልወጣ ስል ክሩን ከአንገቴ አውጥቼ መክፈቻውን ለፈጠነች ሰጠኋት። አልቀበልም አለች። እጇን ይዤ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩት። «አንቺ ነሽ የምትከፍቺው» አልኳት፣ በተሰባበረ ወላይትኛዬ። የተሳሳትኩ ይመስለኛል፤ ፈገግ አለች። ከመጣች የመጀመሪያዋ ነው።

ቀኑን ሙሉ ስለ በርሜሎቹ አላሰብኩም። ስለ ልጅቷ እግር ግን...

ሚያዝያ 12

ትኩሳት ይዟታል። ወተቱን ትመልሳለች። ዳልጮ አልጋዋ አጠገብ መጋዝ ይሞርዳል። ሥራ የለውም በዚህ ሰዓት፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ስላልቻለ ነው።

እግዚአብሔር ሆይ፣ ይቺን ልጅ።

ሚያዝያ 19

አለቀሰች! ፈጠነች የሽፈራው ሾርባ ስትሰጣት «አልፈልግም፣ መራራ ነው» ብላ አለቀሰች። ሦስታችንም ቆመን አየናት። ዳልጮ ሳቀ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ግንቦት 15

ዘነበ። ከሚገባው በላይ ዘነበ። ዳሞታ ተራራ ከቢሮው መስኮት አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ መስኮቱ ላይ ቆሞ «እንዴት ያለ ለምለም አገር ነው!» አለ። ቡቃያ አይበላም።

ብርሃኔ ቀጥናለች። ደሞዙ ከበቆሎው ዋጋ እኩል መሮጥ አልቻለም፤ ልጆቿ ብዙ ናቸው። ከሥራ ስንወጣ «እስቲ ቤት ደርሰሽ ሂጂ» አልኳት። ዘንቢሏን በቆሎ ሞላሁላት። ልትወጣ በሩ ላይ ስትደርስ «ያኔ የሳቅሁት...» ብላ ጀመረች።

«እኔም ስቄያለሁ» አልኳት።

ሰኔ 3

ዳልጮን ያዝኩት! «ሥራ ቦታ በልቻለሁ» ሲል ስንት ጊዜው ነው። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በስቷል፤ በራሱ መሰርሰሪያ።

ምሳውን ይዤ እንጨት ሥራ ቤቱ ሄድኩ። የሽፈራው ፖሶሴ፣ ቅጠሉ ከበቆሎ ጋር ተቀቅሎ፣ ትኩስ። የተላገ ጣውላ ላይ ተቀመጥኩ።

«ቢሮ አትሄድም?»

«አልሄድም፣ ሳትበላ።»

«አሳየሽ...»

«እዚህ ነኝ። ቢመሽም እዚሁ ነኝ።»

በላ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ በኋላ እንደ ልጅ፣ ጎንበስ ብሎ። ፀጉሩ ላይ የእንጨት ብናኝ ነበር፣ አራገፍኩለት። እወደዋለሁ ይሄን ሰው። ለእሱ ነግሬው አላውቅም። ማስታወሻ ላይ መጻፍ ይቀላል።

ሰኔ 21

የመኝታ ቤቱ በርሜል ተሟጠጠ። እጄን አስገብቼ ብዳብስ አመድ ብቻ። ድሮ ብሆን እብድ ነበር የምሆነው።

እንሰቱ ገና ነው፣ ግን ግድ ሆነ። ዳልጮ ሁለቱን ቆረጠ፤ ፈጠነችና የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው ፋቁት። እኔም ሞከርኩ፤ ጣቴን አሳከከኝ፣ ሳቁብኝ። ጉድጓድ ቆፍረን በቅጠሉ ሸፍነን ቀበርነው። ለፋቁት ሁሉ ድርሻ አለ። እስኪብላላ ቦይናው፣ ጎደሬው ማለት ነው፣ ይዞናል፤ ያላት ለሌላት ታመጣለች። እኛ ጨውና ክብሪት እንሰጣለን።

ብቻችንን ብንሆን በሰኔ አልቀን ነበር። አሁን ነው የታየኝ።

ነሐሴ 10

እሸት! ቦልቴ ከተበላ ማዶ በትከሻው ተሸክሞ መጣ። አንዱን በሬ ሸጧል፣ ሌላው ተርፏል። ግቢው ውስጥ ቀቅለን ጎረቤት ተጠራ። ፀደንያ ቆረቆንዳውን ሁሉ ሰብስባ እንደ አጥንት ትመጠምጠው ነበር።

ነሐሴ 13

ሄዱ፣ ፈጠነችና ቦልቴ። ፀደንያ እኛ ዘንድ ልትማር ቀረች። ማን እንደጠየቀ አላውቅም... ሁላችንም እኩል ያሰብነው ይመስለኛል።

ፈጠነች መክፈቻውን መለሰችልኝ። ጓዳውን ቆልፋ ነበር የሰጠችኝ፤ ከፈትኩት። ቁልፉን ዳልጮ ለአንድ ደንበኛ ሣጥን ገጠመው።

መስከረም 20 ቀን 2001

በርሜል ገዛሁ። እኔ። ትልቁን። ባጃጅ ላይ አልገባ ብሎ በጋሪ አስመጣሁት። ዳልጮ በሩ ላይ ቆሞ ጭንቅላቱን አከከ።

«የት ይቀመጣል ይሄ?»

«ሳሎን።»

«እንግዳ የት ሊቀመጥ ነው?»

«ለእንግዳ ነው የገዛሁት» አልኩት። ሳቀ። ብርሃኔም ነገ ልትመጣ ነው፣ የአመዱን አስተሻሸት ላሳያት።

ጥቅምት 5

ዛሬ የፀደንያን አልጋ ሳነጥፍ ትራሷ ሥር ዳቦ አገኘሁ። ቁራሽ ቁራሽ፣ የደረቀ፣ አንዳንዱ የሻገተ። ቂጣም አለ፤ በደብተር ወረቀት የተጠቀለለ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንሶላው እንደተነሳ አየች። በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

ምን ይባላል? «አያስፈልግም፣ ምግብ ሞልቷል» ልበላት? ሞልቷል ያልነው አለቀ እኮ፣ በዓይኔ ፊት።

ተነስቼ ኩሽና ገባሁ። የወተት ጣሳ ነበረኝ፣ ክዳኑ ጥብቅ የሚል። አጠብኩት፣ በጨርቅ አደረቅሁት፣ ፀሐይ ላይ ትንሽ አቆየሁት። አብረን ቁጭ አልን። የሻገተውን ለየን። ደህናውን ምጣድ ላይ እንደገና አደረቅነው፣ ቆሎ ጨመርንበት። «እርጥብ ከሆነ ይበላሻል። ክዳኑን እንዲህ ግጥም አድርጊው» አልኳት። በትኩረት ታየኛለች። ክዳኑን ከፈተች፣ ገጠመች፣ ከፈተች፣ ገጠመች።

ከዚያ ጣሳውን ትራሷ ሥር አስገባችው። አልሆነም፣ ትራሱ ተቆለለ። አውጥታ አልጋው ሥር አስቀመጠችው፣ ከጄሪካኖቹ ጎን። ተንበርክካ ስታስተካክል ቆየች።

ዞር ብላ በአማርኛ፣ ቃላቱን እየፈለገች፦ «ለአንተም ይበቃል» አለችኝ።

አላረምኳትም።