«ይርጋ ደግሞ ማነው?»

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ነገ ፍርድ ቤት እቀርባለሁ። ባንኩ የከሰሰኝ ድሮ ለነበረኝ ሱቅ በተበደርኩት ብር ነው። ጠበቃዬ ዛሬ አትላስ ሰፈር ያለው ቢሮው ጠርቶኝ፣ «ዕዳው አሥር ዓመት አልፎታል፤ በይርጋ እናስጥለዋለን። በመሃል ትንሽም ብትሆን ከፍለሽ ከሆነ ግን አይሠራም» አለኝ። ምንም አልከፈልኩም አልኩት።

ገርጂ ቤት ስገባ ለእማዬ ነገርኳት። «ይርጋ ደግሞ ማነው?» አለች። ጊዜ ያለፈበት ዕዳ በሕግ አይጠየቅም ማለት ነው ብዬ ሳስረዳት ቅር አላት።

«ዕዳ ጊዜ ያልፍበታል እንዴ? እኔ እኮ ከጡረታዬ እየቀነስኩ በስምሽ ስከፍልልሽ ነው የኖርኩት።»

 ይህን ስትነግረኝ ደስ ብሏታል። ነገ አብራኝ መጥታ ለዳኛው ልትነግርልኝ ነው። ምን ብዬ እንደማስቀራት አላውቅም። ነጠላዋን አጥባ አስጥታለች።