«የሳለው» የሚለው ሳጥን

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ጠዋት 4፡20

አሥራ አንደኛው የንድፍ ሉህ ላይ ነኝ። ሃያ ሰባት ይቀራል። አዳራሽ የምንነድፍለት የሰንበት ት/ቤት አሠሪ ኮሚቴ በአዳራሹ ስም ላይ «ሁለገብ» የሚል ቃል ይጨመር ብሏል። ስለዚህ በየሉሁ ቀኝ ጥግ ያለውን፣ የሥራውና የሠሪው ስም የሚጻፍበትን ሳጥን አንድ በአንድ እየከፈትኩ «ሁለገብ»፣ «ሁለገብ»፣ «ሁለገብ»። ባለፈው ሳምንት ደግሞ «መሰብሰቢያ» ነበር። ጀሞ ታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሰዓት ቆሜ መካኒሳ የመጣሁት ለዚህ ነው።

ሮቤል ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። ከተመረቀ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፣ አጠገቤ ነው የሚቀመጠው። አየና ሳቀ። ቲጂ፣ ይሄን ሁሉ በእጅሽ ነው እንዴ የምትለውጪው አለኝ። በምን ልለውጠው፣ በእግሬ? ደብተሬ፣ ስሜ ትዕግስት ባይሆን ኖሮ ማውሱን እወረውርበት ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። ምሳ ሰዓት

ሮቤል ተጋቢኖውን እየበላ አሳየኝ። ሳጥኑ ለብቻው በአንድ ፋይል ይሳላል። ሌሎቹ ሉሆች ከዚያ ፋይል ጋር ይያያዛሉ፣ ኤክስሬፍ ይሉታል። ከዚያ ዋናውን ስትነኪው ሠላሳ ስምንቱም ይለወጣሉ። አንድ ደቂቃ። በሮቹም እንደዚያው፦ አንዱን በር ብሎክ፣ ማለትም አንድ ላይ የታሰረ ስዕል፣ አድርገሽ ካስቀመጥሽው፣ እሱን ስታሰፊ የሕንፃው በር ሁሉ ይሰፋል።

እኔ ግን ብሎክ ባየሁ ቁጥር ኤክስፕሎድ ነው። በትኜ፣ መስመር በመስመር። እንደዚህ ያስተማረኝ ኢ/ር ኃይሉ ነው፣ የቢሮው ባለቤት። ሥራ ስጀምር፣ ብሎክ ያስቸግርሻል፣ በትኚውና ሥሪ አለኝ። ሰባት ዓመት በተንኩ። በማን ልናደድ? በእሱም በራሴም። ፊት ለፊት እርስዎ እለዋለሁ፣ እዚህ ደብተር ላይ ግን እሱ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13። 9፡00

በምሳ ሰዓት ብስራተ ገብርኤል ደርሼ መጣሁ። አንድ ቢሮ ድራፍትስማን፣ ንድፍ ሳይ፣ ይፈልጋል ተብዬ። ያነጋገረችኝ አርክቴክት ደግ ሴት ናት። ሥራዬን አየች፣ ወደደችው። ከዚያ ጣቷን ሳጥኑ ላይ አሳረፈች። የሳለው፦ ኢ/ር ኃይሉ። ያረጋገጠው፦ ኢ/ር ኃይሉ። ያጸደቀው፦ ኢ/ር ኃይሉ። ያንቺ የቱ ነው አለችኝ። ሁሉም አልኳት። አመነችኝ መሰለኝ። ግን አለቆቿ በቃል አያምኑም። ስሜ ያለበት አንድ ሥራ እስከ ረቡዕ ካመጣሁ ቦታው የኔ ነው።

የለኝም። የሰባት ዓመት ሥራ አለኝ፣ ስሜ ያለበት አንድ ሉህ የለኝም። ራሱ ስሎ፣ ራሱ አረጋግጦ፣ ራሱ አጽድቆ። አንድ መስመር ለማጥፋት እኔን የሚጠራ ሰውዬ። እሱ ሲስል ያየሁት ጉንፋን የያዘው ጊዜ ብቻ ነው። የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሳጥኑን በየሉሁ የለጠፍኩት፣ ስሙን የጻፍኩለት እኔው ነኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15። 6፡30

ጠየቅኩት። በጨዋ ደንብ፣ እርስዎ እያልኩ። በዚህ አዳራሽ ሥራ እንኳ «የሳለው» የሚለው ላይ የኔ ስም ይግባ አልኩት። ሳቀ።

«የሳለው ነው እኮ የሚለው፣ ትዕግስት። የሳለችው የሚል ቦታ የለውም።»

ቀልድ መሆኑ ነው። ፊቴን ሲያይ ደግሞ አባት ሆነ። እሺ፣ «የሳሉት» እንበልና የቢሮው ባለሙያዎች ብለን እንጻፍ፣ ማንም አይከፋውም አለኝ። የሳሉት? ደረጃውን ሦስቴ አፍርሼ ስስል ማን አብሮኝ ነበር? የሳልኩት እኔ ነኝ። ነጠላ ቁጥር፣ ሴት ጾታ። ተነሥቼ ወጣሁ።

ዝም አይነቅዝም ትላለች እናቴ። እኔ ግን ሰባት ዓመት ዝም ብዬ ነቅዣለሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17። 10፡15

ሳጥኑን እንደ አዲስ ሠራሁት። በአንድ ፋይል፣ ሮቤል ሳይነካብኝ። ሁለቴ ተበላሸ፣ ሳጥኑ ከሉሁ ውጪ ሄዶ ቁጭ አለ። ሦስተኛው ያዘ። ሠላሳ ስምንቱን አያያዝኩ። «ያረጋገጠው» እና «ያጸደቀው» እንደነበሩ ናቸው፣ የእሱን አልነካም። የላይኛውን ብቻ። የሳለችው፦ ትዕግስት። ሴቭ። አንዱን ሉህ ከፈትኩ፣ አለ። ሌላውን፣ አለ። ሠላሳ ስምንተኛውን፣ አለ። ሁሉንም ፕሪንት አደረግኩ።

በድብቅ አይደለም። ነገ 8፡00 ኮሚቴው ሊወስደው ይመጣል፣ ከዚያ በፊት ኢ/ር ኃይሉ መፈረም አለበት። ጠረጴዛው ላይ ራሴ አስቀምጠዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18። 9፡40

6፡00 ሲሆን ጠራኝ። ጣቱ «የሳለችው» ላይ ነው። ምንድን ነው ይሄ፣ አሁኑኑ እንደ ድሮው አድርጊው አለኝ። ከዚያ ሰዓቱን አየና ስንት ጊዜ ይፈጃል ብሎ ጠየቀ።

ሮቤል ከስክሪኑ ቀና አለ። አንድ ደቂቃ እንደሆነ ሮቤልም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

«እርስዎ ባስተማሩኝ መንገድ ከሆነ፣ ሁለት ቀን» አልኩት።

ውሸት የለበትም። ኢ/ር ኃይሉ ትንሽ አጉረመረመ፣ ብዕሩን አወጣ። ሠላሳ ስምንት ጊዜ ፈረመ፣ ከኔ ስም ሥር። ሮቤል ሳል ያዘውና ወጣ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ይበልጥ ተናደድኩ። ሌላ መንገድ አለ ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። እውነቴን ነው፣ እነግረው ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ምን ታውቂያለሽ ብሎኝ አያውቅም፣ ዛሬም አላለኝም።

ኮሚቴው ወስዷል። ሮቤል የጠቀለለልኝ አንድ ቅጂ ቦርሳዬ አጠገብ ቆሟል። ነገ ብስራተ ገብርኤል። ቢቀበሉኝም ባይቀበሉኝም፣ መልቀቂያዬን አሁን እጽፋለሁ። ከታች እንዲህ ነው የሚለው፦ የጻፈችው፦ ትዕግስት። ያረጋገጠችው፦ ትዕግስት። ያጸደቀችው፦ ትዕግስት።